የአሪማው ወርቅ ውሃ፣ በፍልውሃ ልጅ ሚዛን

ነጭ ፎጣ ይዛችሁ እንዳትሄዱ። የቀረውን ሁሉ ብትረሱ ይህቺን ያዙልኝ። እኔ ይዤ የሄድኩት እናቴ ከአዲስ አበባ በሰው የላከችልኝን ነጭ ፎጣ ነበር። አሁን የዛገ ቆርቆሮ ተጠቅልሎበት የከረመ ይመስላል። በረኪና ሞከርኩ፤ ጭራሽ አባሰው።

የማወራው ስለ ኪን ኖ ዩ ነው። ከኮቤ ከተማ ጀርባ፣ ከተራራው ማዶ፣ አሪማ የምትባል ትንሽ የፍል ውሃ ከተማ አለች። ኪን ኖ ዩ እዚያ ያለ የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ነው። ስሙን በእኛ ቋንቋ ብንመልሰው «ወርቅ ውሃ» ይሆናል።

መጀመሪያ ስለ ራሴ ትንሽ ልበል፤ አለዚያ ሚዛኔ አይገባችሁም። ያደግኩት አዲስ አበባ፣ ፍልውሃ አጠገብ ነው። አያቴ ቅዳሜ ጠዋት እጄን ይዛ ትወስደኝ ነበር። ወረፋ እንይዛለን። ቁጥራችን እስኪጠራ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብለን ትርንጎ እንልጣለን። ከዚያ ክፍላችን ገብተን በር እንቆልፋለን። አያቴ ጀርባዬን ስትፈትገኝ ቆዳዬ የሚገፈፍ ይመስለኝ ነበር። ስንወጣ ሁለታችንም በነጠላ ተጀቡነን፣ ብርድ እንዳይመታን አፍንጫችንን ሸፍነን ወደ ቤት። ለእኔ ፍል ውሃ ማለት ይሄ ነው። ስለዚህ ጃፓኖች «የእኛ ፍል ውሃ ልዩ ነው» ሲሉኝ በልቤ «ቆይ እስኪ እናያለን» እላለሁ።

ኮቤ የመጣሁት ለሁለተኛ ዲግሪ ነው። የምኖረው ናዳ የሚባል ወረዳ ውስጥ፣ ስድስት ታታሚ (የጃፓን የወለል ምንጣፍ) በምታክል አንዲት ክፍል ነው። ኮቤ በተራራና በባሕር መሃል የተሰነቀረች ቀጭን ከተማ ናት። እዚህ መንገድ ስትጠይቁ ግራና ቀኝ ብሎ የሚያስረዳችሁ ጥቂት ነው። «በተራራው በኩል» ወይም «በባሕሩ በኩል» ይሏችኋል። እንጦጦን እያየ ላደገ ሰው ይሄ አይከብድም። ከብዶኝ የነበረው ሌላ ነገር ነው። ማታ ከቤተ ሙከራ ስመለስ የዱር አሳማ ከነልጆቿ መንገድ ላይ ትጠብቀኛለች። ከሮኮ ተራራ ወርደው ነው የሚመጡት። ከተማው እነሱን መመገብ የሚከለክል ደንብ አለው። እኔ ደንብ አያስፈልገኝም፤ ገና ሳያቸው ነው መንገድ የምቀይረው።

ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ መዋል ወገቤን ገደለው። የብርዱ ወራት ሲመጣ ባሰ። የእኔ ክፍል ግድግዳ ከወረቀት አይሻልም፤ ማሞቂያው ጠፍቶ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ትንፋሽ ይታያል። ሠፈሬ ውስጥ ሴንቶ የሚሉት ተራ የሕዝብ መታጠቢያ አለ። እዚያ እየሄድኩ ነበር የምታገሠው። አንድ ቀን ግን እዚያው የምትሠራ ሴትዮ ወገቤን ይዤ ስነሳ አየችኝና «አንቺ አሪማ ነው የሚያስፈልግሽ» አለችኝ።

ሂሳቡን ልንገራችሁ። ከሳኖሚያ በምድር ውስጥ ባቡር ታኒጋሚ ድረስ 280 የን ነው። ከእኔ በፊት እዚህ የተማረ የሀገሬ ልጅ ይህን ስነግረው አላምንም አለ። በእሱ ጊዜ 550 የን ነበር። በፈረንጆቹ 2020 ሰኔ ላይ ከተማው መስመሩን ሲረከበው ነው ዋጋው በግማሽ የወረደው። ባቡሩ ረጅም ዋሻ ውስጥ ይገባና ተራራውን በሆዱ ሰንጥቆ ማዶ ብቅ ይላል። ከባሕሩ ዳር ሠፈር ተነስታችሁ አሥር ደቂቃ በሚያህል ጊዜ ገጠር ናችሁ። ከታኒጋሚ ሌላ ትንሽ ባቡር አለ፤ ዳገቱን እያቃሰተ ይወጣል። አሪማጉቺ ላይ ትቀይሩና በሚቀጥለው ፌርማታ ትወርዳላችሁ። አንድ ጉዞ በድምሩ ወደ 700 የን ይወጣል። አውቶቡስም አለ፤ እኔ ግን ቅዳሜ መንገድ ሲዘጋ ስለሚያናድደኝ ባቡሩን እመርጣለሁ።

በእግር የሚመጡም አሉ። ከባሕሩ ወገን ተነስቶ ሮኮን አቋርጦ አሪማ የሚወርድ የቆየ መንገድ አለ። ጥንት ዓሣ ነጋዴዎች ሸክማቸውን ይዘው የሚሻገሩበት ስለነበር በእነሱ ስም ነው የሚጠራው። የቤተ ሙከራ ጓደኞቼ በየዓመቱ ይሄዱበታል። «ሀገርሽ የሯጮች ሀገር አይደል፤ ነይ እንጂ» ይሉኛል። የሀገሬን ሯጮችና የእኔን ጉልበት የሚያገናኘው ፓስፖርቱ ብቻ ነው።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ አሪማ የሄድኩት ኪን ኖ ዩ አይደለም። ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር አንድ ማደሪያ ቤት፣ ለቀን እንግዳ ክፍት ነው ብሎን ገባን። ስሙን አልናገርም። ለሁለታችን የከፈልነው ገንዘብ የሳምንት አስቤዛ ይገዛል። ከከፈልን በኋላ የቀረን ሰዓት አርባ ደቂቃ ብቻ መሆኑ ተነገረን። ልብስ ስናወልቅና ስንለብስ አለቀ። ስንወጣ በእጅ ጽሑፍ ያጌጠ የምስጋና ወረቀት ሰጡን። ወረቀቱ ያምራል፤ ገንዘቡ ግን ሄደ። ከዚያ በኋላ ነው በቃ እንደ ተራ ሰው ወደ ሕዝቡ መታጠቢያ ልሂድ ያልኩት።

ከጣቢያው ሽቅብ ስትሄዱ ወንዝ አለ፣ ቀይ ድልድይ አለ፣ ድልድዩ ጋ የአንዲት ሴት ሐውልት አለ። ኔኔ ትባላለች። የቶዮቶሚ ሂዴዮሺ ሚስት ናት። ሂዴዮሺ በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዘመን ጃፓንን አንድ ያደረገው የጦር አለቃ ነው፤ አሪማን አብዝቶ ይወድ ነበር። በ1596 የመሬት መንቀጥቀጥ ሲያፈራርሳትም እንድትጠገን ያዘዘው እሱ ነው። የሚገርመው፣ የእሱ መታጠቢያ የት እንደነበር ጠፍቶ ኖሮ፣ በ1995 ኮቤን ያወደመው መንቀጥቀጥ አንድ ቤተ መቅደስ ሲጎዳ ከሥሩ ፍርስራሹ ተገኘ። አሁን ሙዚየም ሆኗል።

እኔ ግን ከሂዴዮሺ ይልቅ ኔኔ ነች የያዘችኝ። ድልድዩ ላይ ቆሜ ጣይቱን አሰብኩ። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍልውሃ አጠገብ ቤት ባያሠሩ፣ አዲስ አበባ እዚያ ቦታ ላይ አትኖርም ነበር። ፍል ውሃ የወደደች ሴት ከተማ ትተክላለች። የእኛዋም ፍልውሃው አጠገብ አንድ ሐውልት ቢቆምላቸው ምን ነበረበት?

ኪን ኖ ዩ ከድልድዩ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ የጠበቡ የድሮ መንገዶች የሚጀምሩበት ላይ ነው። በሩ ላይ እግር መንከሪያ አለ። ነፃ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ላይ እዚያ ቦታ ማግኘት የጥምቀት ዕለት ጃን ሜዳ ፊት ለፊት መቆሚያ እንደ ማግኘት ነው። ሱሪያቸውን ጠቅልለው፣ ስልካቸውን እየነካኩ፣ እግራቸውን ቡናማ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው የተቀመጡ ሰዎች በመደዳ ታያላችሁ።

መግቢያው በሥራ ቀን 650፣ ቅዳሜና እሑድ 800 የን ነው። ጫማችሁን ቆልፋችሁ፣ ከማሽን ቲኬት ቆርጣችሁ ትገባላችሁ። ወንድና ሴት ለየብቻ ነው።

እንግዲህ ሁሉም ሐበሻ የሚጠይቀኝን ልመልስ። አዎ፣ ራቁት ነው። የዋና ልብስ የለም፣ ውስጥ ልብስ የለም፣ ምንም የለም። ያላችሁ እጅ መዳፍ የምታክል ፎጣ ናት። እሷም ውሃው ውስጥ አትገባም፤ አጣጥፋችሁ አናታችሁ ላይ ነው የምታስቀምጧት። የመጀመሪያ ቀን ሴንቶ ስሄድ ልብስ ማውለቂያው ጋ ሩብ ሰዓት ያህል ሎከር የምፈትሽ መስዬ ቆሜያለሁ። ሼም ያዘኝ። እኛ እኮ እህትማማቾች ሆነን ስናድግ እንኳ «ዙሪ» እየተባባልን ነው ልብስ የምንቀይረው። በኋላ የገባኝ ነገር ግን ማንም አያይም። ስድስት ወር የሚሆናት ሕፃን አለች፣ ሰማንያ ያለፋቸው አሮጊት አሉ፣ የቀዶ ጥገና ጠባሳ ያላት አለች። እኔን የሚያዩኝ በጥቁረቴ መስሎኝ ነበር። ያዩኝ የነበረው ገንዳው ውስጥ ሳልታጠብ ልገባ ይሆን ብለው ነው።

ምክንያቱም ትልቁ ሕግ ይሄ ነው፦ መጀመሪያ ትታጠባላችሁ። ትንሽ ዱካ ላይ ተቀምጣችሁ፣ በሳሙና ከእግር እስከ ራስ። አያቴ ብታይ ደስ ይላት ነበር። ገንዳው ለመታጠብ ሳይሆን ለመዘፍዘፍ ነው። ሹሩባ ያላችሁ ሴቶች፣ ፀጉር ውሃውን መንካት የለበትም። እኔ ከፍ አድርጌ አስሬ በፎጣዋ ጠመጠምኩት። የብር መስቀሌን ከማተቤ ፈትቼ ሎከር ውስጥ ተውኩት፤ ይህ ውሃ ለጌጣጌጥ አይመችም። ማተቡን አልበጠስኩም። ክሩ ምንም አልሆነም።

አሁን ወደ ውሃው። ወርቅ ሲሉ የሚያብለጨልጭ ነገር ጠብቄ ነበር። መልኩ የክረምት ዓባይ ነው። ደፈርስ ያለ፣ ቀይ ቡናማ፣ አፈር የጠገበ ጎርፍ። እጄን አንድ ስንዝር ነክሬ ጣቶቼን አጣኋቸው። ደረጃው ስለማይታይ በእግር እየዳሰሱ ነው የሚወረደው። ከመሬት ሲወጣ ጥርት ያለ ነው ይላሉ፤ ብረት ስለሚበዛበት አየር ሲያገኘው ይዝጋል። ፎጣዬን የበላው ይሄው ዝገት ነው። ጨውም አለው። ከንፈሬን ስልሰው ባሕር ባሕር አለኝ።

ስለ ውሃው አነሳስ ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። የእኛ ፍል ውሃዎች ሶደሬም ሆነ ወንዶ ገነት ከስምጥ ሸለቆው እሳት ጋር የተያያዙ ናቸው። አሪማ አጠገብ ግን እሳተ ገሞራ የለም። ባለሙያዎች የሚሉት፣ የፊሊፒንስ ባሕር ወለል ከጃፓን ሥር ሲንሸራተት አብሮት የገባው የጥንት የባሕር ውሃ ከጥልቅ ተጨምቆ በስንጥቅ ይወጣል ነው። ጨዉ ከዚያ ነው። ለእኔ ይህን ማወቄ ውሃውን ትንሽ አስፈራብኝ፣ ትንሽም አስከበረው።

የወርቅ ውሃው ገንዳዎች ሁለት ናቸው። አንዱ 42 ዲግሪ አካባቢ፣ ሌላው 44። ሁለት ዲግሪ ምንድን ነው እንዳትሉ። እኔ ብያለሁ። የበርበሬ ልጅ ነኝ፣ የፍልውሃ ልጅ ነኝ ብዬ ቀጥታ ወደ ባሰው ገንዳ እግሬን ሰደድኩ። ወዲያው መለስኩት። ገንዳው ውስጥ እስከ አንገታቸው የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ዓይናቸውን ሳይገልጡ ሳቁ።

«ልጄ፣ መጀመሪያ ከወዲያኛው። ሰውነትሽ ሲለምድ ትመጫለሽ» አሉኝ።

እሺ ብዬ ወደ 42ቱ ሄድኩ። እውነትም አምስት ደቂቃ ቆይቼ ስመለስ ቻልኩት። ጎናቸው ተቀመጥኩ።

«ከየት ነሽ?»

«ከኢትዮጵያ ነኝ።»

«አበበ!»

ድምፃቸው ጣሪያው ላይ አስተጋባ። ጃፓን የኖረ ሐበሻ ይህን ያውቀዋል። በእሳቸው ዕድሜ ላሉ ሰዎች የኢትዮጵያ ዋና ከተማ አበበ ነው። ያኔ፣ በ1964ቱ (በፈረንጆቹ) የቶኪዮ ኦሊምፒክ፣ ተማሪ ነበሩ። ጎረቤት ቤት ተሰብስበው በቴሌቪዥን አዩት። ስለ ሰዓቱም ስለ ሜዳሊያውም አላነሱም። በልባቸው የቀረው ነገር አንድ ነው፦ ሌሎቹ ገና እየሮጡ እሱ ጨርሶ ሣሩ ላይ ጅምናስቲክ መሥራቱ። «እናቴ ተናደደች» አሉኝ። «ይህ ሰው አልደከመም እኮ፣ ሌላ ዙር ይጨምሩለት አለች።» ራቁታችንን፣ አናታችን ላይ ፎጣ አስቀምጠን፣ ስለ አበበ ቢቂላ እየተሳሳቅን ነበር። ከዚያ በፊት ኮቤ ውስጥ ከማላውቀው ሰው ጋር ከሦስት ዓረፍተ ነገር በላይ አውርቼ አላውቅም።

በአራተኛው ደቂቃ ላይ ልቤ ከበሮ መምታት ጀመረ። አሮጊቷ «ውጪ፣ ተቀመጪ፣ ከዚያ ተመለሺ» አሉኝ። ወጥቼ ዱካዋ ላይ ተቀመጥኩ። ሦስት ጊዜ ገባሁ፣ ሦስት ጊዜ ወጣሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ስወጣ ወገቤ የት እንደነበረ ረሳሁት። ይህን የምለው የተመዘነ ነገር ኖሮ አይደለም። ዝም ብሎ ረሳሁት። ሙቀቱ ደግሞ አይለቅም። ወጥቼ፣ ለብሼ፣ በየካቲት ብርድ ጃኬቴን ከፍቼ ነበር የምሄደው።

ከፍልውሃ ይበልጣል? ውሃው ይበልጣል። ይቅርታ አያቴ፣ ግን ይበልጣል። የሰውነት ስሜቱ ሌላ ነው። ፍልውሃ ግን በሩ ይቆለፋል። እዚያ የፈለግሽውን ያህል ታለቅሻለሽ፣ ታንጎራጉሪያለሽ፣ አያትሽ ትፈትግሻለች። ኪን ኖ ዩ ውስጥ ጀርባዬን የሚፈትግልኝ አላገኘሁም። እጄ የማይደርስበት ቦታ አለ፤ ያ ቦታ እስካሁን ቅር ብሎታል።

ሌላም የሚጎድል አለ። ሰማይ እያያችሁ የምትዘፈዘፉበት የውጪ ገንዳ የለውም። ፎቶ ላይ የምታዩት በረዶ፣ ድንጋይና እንፋሎት ሌላ ቦታ ነው። ቤቱም ትልቅ አይደለም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሄዳችሁ ጉልበታችሁን አቅፋችሁ ነው የምትቀመጡት። እኔ ሁለተኛ ጊዜ የሄድኩት ማክሰኞ ጠዋት፣ ትምህርት በሌለበት ቀን ነበር። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ይከፈታል። አራት ሆነን ነበር ያለነው። በቃ፣ ሌላ ቤት። በወር ሁለት ማክሰኞ ግን ይዘጋል፤ ሁለተኛውና አራተኛው ነው፣ ቆጥራችሁ ሂዱ።

ስትወጡ ይጠማችኋል። ጃፓኖች ከፍል ውሃ በኋላ በጠርሙስ ቀዝቃዛ ቡና በወተት መጠጣት ይወዳሉ። መጀመሪያ የሄድኩት ዐቢይ ጾም በገባ ሳምንት ስለነበር እሱ ቀረብኝ። (ቡና ብለው የሚጠሩት ነገር ላይም ቅሬታ አለኝ፤ ሌላ ቀን።) ይልቅ መንገዱ ላይ የአሪማ ሳይደር ይሸጣል። ሳይደር ሲሉ አልኮል አይደለም፣ ለስላሳ ነው። ከተማዋ በተፈጥሮው ጋዝ ያለው ሌላ ምንጭ አላት። ጥንት ሰዎች መርዝ ነው ብለው ይሸሹት ነበር። አምቦ ውሃ እየጠጣ ላደገ ሰው ይሄ ያስቃል። ጋዙ ኃይለኛ ነው፤ አፍንጫ ይኮረኩራል። ትንሽ ስኳር ባይጨምሩበት አምቦ ነው ብዬ እምል ነበር።

በዚያው የጋዝ ውሃ የሚጋግሩት ስስ ብስኩት አለ፣ ታንሳን ሴንቤ ይሉታል። ዱቄት፣ ስኳር፣ ስታርች፣ ትንሽ ጨው። እንቁላልም ወተትም የለበትም፤ የጾም ነው ብዬ ራሴ ፈረድኩ። አንድ ሱቅ ከብረቱ ላይ እንደወጣ ይሰጣችኋል። «አምስት ሰከንድ» ብለው ይጽፉበታል። በአምስት ሰከንድ ውስጥ ካልበላችሁት ይደርቃል። እኔ ፎቶ ላነሳ ስል ደረቀ።

አቅም ካላችሁ መመለሻውን በባቡር አታድርጉት። ከአሪማ ሮኮ ተራራ ጫፍ የሚያወጣ በሽቦ የሚሄድ መኪና አለ፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ ያህል ነው። ዋጋው ከባቡሩ ያለፈ ነው፤ እኔ በዓመት አንዴ ነው የማደርገው። ከላይ ሆናችሁ ኮቤ፣ ባሕሩ፣ ሲመሽ ደግሞ መብራቱ ይታያል። የእኔን ሠፈር ፈልጌ አገኘሁት። የዱር አሳማዎቹ ከዚህ ወርደው እኔ በር ድረስ የሚመጡበትን ርቀት ሳየው ትንሽ አከበርኳቸው።

የዚያን ቀን ማታ እናቴ በቪዲዮ ደወለች። ስለ ውሃው፣ ስለ አሮጊቷ፣ ስለ ወገቤ ነገርኳት።

«ለወገብ ይሆናል በይኛ?»

«ይሆናል እማ፣ በጣም።»

«እንግዲያ የሚመጣ ሰው ስታገኚ በጠርሙስ አድርገሽ ላኪልኝ።»

«እሺ።»

ዝም አለች። ዓይኗን ወደ ስልኩ አስጠጋች።

«ያ ከኋላሽ የተሰጣው ምንድን ነው? ጭቃ የነካው?»

ዞር ብዬ አየሁት። ማድረቂያው ላይ ተዘርግቷል።

«ፎጣሽ ነው። ውሃው ነው እንዲህ ያደረገው።»

«እሱን ውሃ ነው እንግዲህ ላኪልኝ የምልሽ?»